የጣሊያን ሪስቶራንቴ፦ ከአፔሪቲቮ እስከ ሂሳብ

ጣሊያን አገር ለመብላት የሚገባበት ቤት አንድ ዓይነት አይደለም። ፒዜሪያ አለ። ኦስቴሪያ አለ፤ ይሄኛው ድሮ ዋናው ነገር ወይን የሆነበት፣ ምግቡ ለወይኑ ሲባል የሚቀርብበት ቤት ነበር። ትራቶሪያ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው፣ የአካባቢውን ምግብ የሚያበላ ቤት ነው። ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ሪስቶራንቴ ነው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ በየዓይነቱ ብርጭቆ፣ ሙያውን የተማረ አስተናጋጅና ረጅም የወይን ዝርዝር የሚገኘው እዚያ ነው። በስም ብቻ መፍረድ ግን ያሳስታል። ሞዴና ከተማ ያለው ኦስቴሪያ ፍራንቼስካና ስሙ ሲሰማ ተራ መጠጥ ቤት ይመስላል። ሼፍ ማሲሞ ቦቱራ በ1995 የከፈተው ይህ ቤት ግን ሦስት የሚሽሊን ኮከብ ያለው ነው፤ ሚሽሊን ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጥ የፈረንሳይ መመሪያ ነው፣ ትልቁም ሦስት ኮከብ ነው። በ2016 እና በ2018 ደግሞ የዓለም 50 ምርጥ ሬስቶራንቶች በሚባለው ዝርዝር አንደኛ ወጥቷል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሪስቶራንቴ ላይ የሚከፈለው ለምግብ ብቻ አይደለም፣ ለጊዜም ነው። ምሳ ከቀኑ 6:30 በፊት እምብዛም አይጀመርም። ለእራት ከምሽቱ 1:30 ቀድሞ የደረሰ ሰው በሩን ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። ቦታ አስቀድሞ መያዝ የግድ ነው፤ ስም ያላቸው ቤቶች ጠረጴዛቸው ከወራት በፊት ያልቃል። ብዙዎቹም አንዱን ጠረጴዛ በአንድ ምሽት ሁለቴ አያስይዙም። የተቀመጠ ሰው እስኪበቃው ድረስ ቦታው የእሱ ነው። ሦስት ሰዓት ቁጭ ማለት እዚያ ብርቅ አይደለም። ቶሎ በልቶ ለመሮጥ ያሰበ ሰው ሌላ ቤት ቢገባ ይሻለዋል።

ማዕዱ የራሱ ተራ አለው። መጀመሪያ አፔሪቲቮ ይመጣል፤ ሆድ የሚከፍት መረር ያለ መጠጥ ወይም ፕሮሴኮ የሚባለው ቀዝቃዛ አረፋማ ወይን ማለት ነው። ቀጥሎ አንቲፓስቶ፣ ማለትም የመክፈቻ ምግብ። ከዚያ ፕሪሞ፣ ማለትም ፓስታ፣ ሪዞቶ የሚባለው በመረቅ የበሰለ ሩዝ ወይም ሾርባ። ከዚያ ሴኮንዶ፣ ማለትም ሥጋ ወይም ዓሣ። በባህላዊዎቹ ቤቶች ሴኮንዶው ብቻውን ነው የሚመጣው። አትክልቱ ኮንቶርኖ ይባላል፤ ለብቻው ይታዘዛል፣ ለብቻውም ይከፈልበታል። በመጨረሻ ዶልቼ የሚባለው ጣፋጭ፣ ቡና፣ ከቡና በኋላ ደግሞ አማሮ የሚባለው መራራ አልኮል ወይም ግራፓ የሚባለው የጣሊያን አረቄ። ይህን ሁሉ መብላት ግዴታ አይደለም። አንቲፓስቶና ፕሪሞ ብቻ፣ ወይም ፕሪሞና ሴኮንዶ ብቻ ማዘዝ ነውር የለውም፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። ፓስታውን ከሥጋው ጋር በአንድ ሰሃን አምጡልኝ ማለት ግን አስተናጋጁን ክው ያደርገዋል።

አዘዛዙ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከሜኑ ላይ መርጦ ማዘዝ ነው። ሌላው ዴጉስታሲዮኔ ይባላል፤ ሼፉ ራሱ የመረጣቸው ትንንሽ ሰሃኖች እየተከታተሉ ይመጣሉ፣ ዋጋውም አንድ ላይ ተቆርጧል። ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ አብረው እንዲያዙ ይጠየቃል፤ አንዱ አሥር ሰሃን ሲበላ ሌላው ሁለት ከበላ ወጥ ቤቱም እንግዳውም ይቸገራሉ። ለእኔ ለመጀመሪያ ቀን ከሜኑ መምረጡ ይበልጣል። ሁለት ሹካ ፓስታ ቀምሶ ሰሃኑ ሲነሳ ማየት ያናድዳል።

ከአንቲፓስቶዎቹ ዓለም ያወቀው ካርፓቾ ነው፤ በጣም በስሱ የተቆረጠ ጥሬ የበሬ ሥጋ። የተፈጠረው በ1950 ገደማ ቬኒስ ውስጥ፣ ጁሴፔ ቺፕሪያኒ በ1931 በከፈተው ሃሪስ ባር ነው። ኮንቴሳ አማሊያ ናኒ ሞቼኒጎ የምትባል ደንበኛ ሐኪሟ የበሰለ ሥጋ ከልክሏት ነበር። ቺፕሪያኒ ጥሬውን በስሱ ቆርጦ ነጣ ያለ ሶስ ጣል ጣል አደረገበትና አቀረበላት። ስሙን ያወጣለት በቬኒሱ ሠዓሊ በቪቶሬ ካርፓቾ ነው። ኮክና ፕሮሴኮ የሚቀላቀሉበት የዚያው ቤት መጠጥ ቤሊኒም በሠዓሊ ስም ነው የሚጠራው። ዛሬ በስሱ የተቆረጠ ነገር ሁሉ፣ ዓሣም ይሁን አናናስ፣ ካርፓቾ እየተባለ ይሸጣል። ስሙ ረክሷል ማለት ይቻላል።

የቤቱ ልክ የሚታወቀው ግን ፕሪሞ ላይ ነው። ጥሩ ሥጋ የገዛ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ፓስታ ዱቄት ነው፤ እጅ ከሌለበት መደበቂያ የለውም። ሰሜኑ በእንቁላል የተለወሰውን ትኩስ ፓስታ ይወዳል፣ ደቡቡ ደረቁን። ደረቁ ፓስታ ከዱረም ስንዴ እንዲሠራ በ1967 ሕግ ወጥቶለታል። የቦሎኛ ከተማ ደግሞ ታሊያቴሌ የሚባለውን ረጅም ጠፍጣፋ ፓስታ ስፋት በ1972 ንግድ ምክር ቤት ወስዳ አስመዝግባለች፤ ሲበስል 8 ሚሊሜትር መሆን አለበት፣ ከወርቅ የተሠራ ናሙናም ተቀምጦለታል። ቀልድ ይመስላል፣ ግን የምር ነው። በማንቶቫ አቅራቢያ በገጠር ያለው ዳል ፔስካቶሬ ከ1996 ጀምሮ ሦስት ኮከብ ይዞ የቆየ ቤት ነው። የቤቱን ሼፍ ናዲያ ሳንቲኒን ስመ ጥር ካደረጓት ምግቦች አንዱ ዱባ የታሸገበት ቶርቴሊ የሚባል ፓስታ ነው። ዱባ ነው እንግዲህ፤ የገበሬ ምግብ።

ሪዞቶ የባሰ ጊዜ ይፈልጋል። ሜኑው ላይ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰው በታች አይታዘዝም ተብሎ ይጻፋል። ሩዙ፣ ብዙውን ጊዜ ካርናሮሊ የሚባለው ዓይነት፣ ሲታዘዝ ነው የሚጣደው፤ ትኩስ መረቅ እየተጨመረለት ከ16 እስከ 18 ደቂቃ ይበስላል። ከዚያ ከእሳት ወርዶ ቀዝቃዛ ቅቤና ፓርሚጃኖ አይብ ይገባበትና ይማሰላል። ይህ ማሰል ማንቴካቱራ ይባላል፤ ልስላሴው የሚመጣው ከዚህ ነው። በደንብ የተሠራ ሪዞቶ ሰሃኑ ዘንበል ሲል እንደ ማዕበል ይንሸራተታል። እንደ ክምር ከቆመ አርፍዷል። በሦስት ደቂቃ ከመጣም ቀድሞ ተቀቅሎ የተቀመጠ ነው።

ሪዞቶ ከተነሳ ሼፍ ጓልቲዬሮ ማርኬዚን አለማንሳት አይቻልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሀብታሞቹ ቤት ሜኑ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር፤ ትልቅ ምግብ ማለት የፈረንሳይ ምግብ ነበርና። ሚሽሊን የመጀመሪያውን የጣሊያን መመሪያውን ያወጣው በ1956 ነው፣ ኮከብ መስጠት የጀመረው ደግሞ በ1959። ማርኬዚ በ1977 ሚላኖ ውስጥ የራሱን ቤት ከፈተ። በ1980ዎቹ አጋማሽም ጣሊያን ውስጥ ሦስት ኮከብ ያገኘ የመጀመሪያው ሆነ። በ1981 የፈጠረው ምግብ አሁንም ይወራለታል፤ በሳፍሮን ቢጫ የሆነ ሪዞቶ፣ መሃሉ ላይ አንድ ቅጠል እውነተኛ ወርቅ። ወርቁ ጣዕም የለውም። ሩዙ ግን የሚላኖ እናቶች ሲሠሩት የኖሩት ነው። ካርሎ ክራኮ፣ ዳቪዴ ኦልዳኒና ኤንሪኮ ክሪፓን የመሳሰሉ ሼፎች በእሱ ወጥ ቤት አልፈዋል። በ2008 ደግሞ በነጥብ አሰጣጡ አልስማማም ብሎ ኮከቦቹን መለሰ።

ሴኮንዶ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ዋጋውን ነው። ሙሉ ዓሣና ቢስቴካ የሚባለው የፊሬንዜ የበሬ ሥጋ ጥብስ የሚሸጡት በክብደት ነው። ሜኑው ላይ ኤቶ ከተጻፈ ዋጋው የ100 ግራም ብቻ ነው። ቢስቴካ ደግሞ አጥንቱን ይዞ ብዙ ጊዜ ከኪሎ ያልፋል፤ ለሁለትና ለሦስት ሰው ነው። ውስጡ ቀይ እንደሆነ ይቀርባል፤ በደንብ ይብሰልልኝ ለሚል ሰው አንዳንዱ ቤት ሌላ ነገር እዘዝ ይለዋል። ሌላው ምልክት ከምግቡ ስም ጎን የምትቀመጥ ትንሽ ኮከብ ናት። ይቺ የሚሽሊን አይደለችም፤ በረዶ ቤት የቆየ ነው ማለት ነው።

በመጸው ወቅት በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን ወዳለው ወደ ፒዬሞንቴ ክልል የሄደ ሰው ነጭ ትራፍል ይገጥመዋል። ከመሬት በታች በዛፍ ሥር የሚገኝ የእንጉዳይ ዘመድ ነው፤ ውሻ እያሸተተ ያወጣዋል፣ በእርሻም አልተለመደም። ዋናው ገበያው አልባ ከተማ ነው። አስተናጋጁ ትራፍሉን በትንሽ ሚዛን መዝኖ ያመጣል፣ እንግዳው ፊት ይልጋል፣ ከዚያ የቀረውን መልሶ ይመዝናል። የሚከፈለው ለልዩነቱ ነው። ይበቃል ማለት የእንግዳው ፈንታ ነው፤ ዝም ያለ ሰው ሂሳቡ ሲመጣ ይነቃል። ትራፍሉ የሚያርፍበት ምግብ ግን ተራ ነው፤ በእንቁላል አስኳል የተለወሰ ታያሪን የሚባል ቀጭን ፓስታ በቅቤ፣ ወይም ጥብስ እንቁላል። ሽታው የሚወጣው እንዲህ ባለ ምግብ ላይ ነው። ባልሳሚኮ የሚባለው የሞዴናው ባህላዊ ኮምጣጤም እንደዚሁ በጠብታ ነው የሚፈስሰው። ከወይን ጭማቂ ተሠርቶ በእንጨት በርሜል ቢያንስ 12 ዓመት ይቀመጣል፤ ኤክስትራቬክዮ የሚባለው 25 ዓመት። የሚሸጥባትን የ100 ሚሊሊትር ጠርሙስ የነደፈው መኪና በመንደፍ የሚታወቀው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው።

ወይን የሶሜሊየሩ፣ ማለትም የወይን ባለሙያው፣ ሥራ ነው። የጣሊያን ሶሜሊየሮች ማኅበር ከ1965 ጀምሮ አለ፤ ብዙዎቹ እዚያ የተማሩ ናቸው። ከቀይ ወይኖቹ ባሮሎ ለገበያ ለመቅረብ ቢያንስ 38 ወር፣ ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖ ደግሞ ወይኑ ከተለቀመ በኋላ እስከ አምስተኛው ዓመት ጥር መጠበቅ አለባቸው። ዋጋው ከዚህም ይመጣል። ምን ያህል ማውጣት እንደሚፈልግ መናገር የሚያሳፍረው ሰው ዝርዝሩ ላይ አንድ ዋጋ በጣቱ ነክቶ እንደዚህ ያለ ቢል ሶሜሊየሩ ይገባዋል። ጠርሙሱ ሲከፈት ለአንድ ሰው ጥቂት ይቀዳል። የሚጠየቀው ወደድከው ወይ አይደለም፤ ወይኑ በቡሹ ተበላሽቷል ወይ ነው። ድሮ ለሴት እንግዳ ዋጋ የሌለበት ሜኑ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ይህን የሚያደርግ ቤት ካለ ሴት ወንድ ሳይል ለተጋባዥ ሁሉ ቢሰጥ ይሻላል።

የዓሣ ፓስታ ላይ አይብ አይነሰነስም፣ ስፓጌቲ በቢላ አይቆረጥም፣ ከእራት በኋላ ካፑቺኖ አይጠጣም። ማንም አያባርርም፤ ግን ይታያል። ከእራት በኋላ የሚጠጣው ጥቁር ኤስፕሬሶ ነው፣ እሱም ከጣፋጩ ጋር ሳይሆን ጣፋጩ ካለቀ በኋላ።

ሂሳቡ ላይ ኮፔርቶ የሚል ጥቂት ዩሮ ይኖራል። ለጠረጴዛው ዕቃና ለዳቦው በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ነው፤ ሮማ ያለችበት የላጽዮ ክልል በ2006 ሕግ ከልክሎታል፣ እዚያ የሚያስከፍሉት ለዳቦው ብለው ነው። ቲፕ ግዴታ አይደለም፤ ደስ ያለው ሰው ጥቂት ትቶ ይሄዳል። ሂሳቡ ሳይጠየቅም አይመጣም። ብዙ እንግዳ አስተናጋጁ የረሳው ይመስለውና ይበሳጫል። አስተናጋጁ ግን አልረሳም፤ ሂሳብ ቀድሞ ማምጣት እዚያ ሰውን ተነስ እንደ ማለት ነው። ጠረጴዛዎቹ ባዶ ሆነው፣ መብራቱ ግማሹ ጠፍቶ እንኳ አንድ ሰው አማሮውን ይዞ ከተቀመጠ ማንም አይጠጋውም።