ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያድግ እጢ፦ ሰው የሚለኝና እውነታው

ከ3 ዓመት በፊት እዚሁ ሀዋሳ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ቾኩ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆየና ለቀቀኝ፣ ድካም ነው ብዬ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ሶስተኛ ጊዜ ሲደገም ነው ሀኪም ጋ የሄድኩት፣ ኤምአርአይ ተነሳሁና በግራ በኩል ሜኒንጂዮማ የሚባል እጢ ተገኘ፣ ከአንጎል ሽፋን ላይ የሚነሳ ነው። ትንሽ ስለሆነ እየተከታተልን እንየው አሉኝ፣ ለመንቀጥቀጡም የሚጥል በሽታ መድሃኒት ጀመርኩ። ከዛ ወዲህ ከጎረቤትም ከዘመድም የምሰማው ነገር ብዙ ነው፣ አንዳንዱ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ነው ይሄን የምፅፈው።

«እጢ ከሆነ ካንሰር ነው፣ በቃ አለቀለት።» እናቴ ይሄን ከለቅሶ ቤት ሰምታ መጥታ ሳምንት ሙሉ አልተኛችም። የአንጎል እጢ ከ1 (ቀላሉ) እስከ 4 (ከባዱ) ደረጃ አለው፣ ሜኒንጂዮማ አብዛኛው ደረጃ 1 ነው፣ እሱ ደግሞ ካንሰር አይባልም። ብዙዎቹ በዓመት 1 ወይ 2 ሚሊሜትር ነው የሚጨምሩት፣ ዓመታት ሙሉ ባለበት የሚቆምም አለ። ግን ሁሉም አንድ አይደለም፣ ከራሱ ከአንጎል ውስጥ የሚነሳው ደረጃ 2 ግሊዮማ የሚባለው እጢ ቀስ ብሎ እያደገ ቆይቶ ወደ ከፋ ደረጃ ሊቀየር ይችላል፣ ስለዚህ የእጢውን ስም ሀኪሙን ጠይቁና በወረቀት አፅፉ። ደረጃው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

«ካንሰር ካልሆነማ እርሳው።» ይሄም ልክ አይደለም። የራስ ቅል አይለጠጥም፣ ትንሿም እጢ ቦታዋ መጥፎ ከሆነ ወይ ዙሪያዋን ካሳበጠች እጅ፣ ንግግር፣ አይን ትነካለች።

«ራስህን ባመመህ ቁጥር እጢው አድጓል ማለት ነው።» እኔን ብዙ ያሰቃየኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ዓመት ላይ ራሴን ትንሽ ወጋ ባደረገኝ ቁጥር ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋ ነበር። ራስ ምታት እኮ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ቡና ሳይጠጡ ከመዋል፣ ከመነፅር፣ ከራሱ ከመድሃኒቱም ይመጣል። ቶሎ ሀኪም ጋ የሚያስኬደው ለየት ያለው ነው፦ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይ ጠዋት የሚብስ፣ ከማስመለስ ጋር የሚመጣ፣ ሲያስሉና ጎንበስ ሲሉ የሚጨምር። ራስ ምታት ባይኖርም አዲስ የእጅ ወይ የእግር መድከም፣ ቃል አፍ ላይ መጥፋት፣ የእይታ መደብዘዝ፣ መንቀጥቀጡ በፊት ካለው ሲረዝም ወይ መልኩ ሲቀየር፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። የፀባይ ለውጥን ደግሞ ታማሚው ራሱ አያየውም፣ እኔ ባለቤቴን ነው የምጠይቃት።

ትንሽ ደብተር አለኝ። አንዱ ገፅ ላይ «መስከረም 14፣ ማታ 3፡20፣ ቀኝ እጅ፣ 40 ሰከንድ፣ የጠዋቱን ኪኒን ረስቻለሁ» ይላል። እኔ እጢው አደገ ብዬ ደንግጬ ነበር የሄድኩት፣ ሀኪሙ ደብተሩን ወደኋላ ሲያገላብጥ እንደዚህ የሚሆነው ኪኒን የዘለልኩ ቀን ወይ ማህሌት ቆሜ ያደርኩ ማግስት መሆኑን አሳየኝ። ራሴ ፅፌው ራሴ አላየሁትም ነበር።

«ሲጥለው ክብሪት ጭራችሁ አሽትቱት።» ኧረ በፈጣሪ ተዉ። ጭሱ አያስቆመውም፣ እሳቱ ግን ሰው ያቃጥላል። ማንኪያም ጣትም አፍ ውስጥ አይገባም፣ በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ስር ጋቢ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ነው። አረፋውም አይተላለፍም፣ አትሽሹት።

«ጠበል ከጀመርክ መድሃኒቱን አቁም።» እኔ ገብርኤል እሄዳለሁ፣ እምነቴ ነው፣ ኪኒኔንም በሰዓቱ እውጣለሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት። የሚጥል በሽታ መድሃኒት በአንዴ ከተቋረጠ የማያቆም መንቀጥቀጥ አምጥቶ ሊገድል ይችላል። ለእብጠት የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ብዙ ከተወሰደ በኋላ ድንገት አይቆምም፣ ሀኪሙ ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው።

«መተት ነው፣ ሞባይል ነው።» የአብዛኛው ሰው ምክንያቱ አይታወቅም። ለሜኒንጂዮማ በደንብ የሚታወቀው በፊት ጭንቅላት ላይ የተወሰደ የጨረር ህክምና ነው፣ ሆርሞንም ድርሻ አለው። እህቶች ይቺን ልብ በሉልኝ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ጥናት የ3 ወሩን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ዴፖን ከአንድ ዓመት በላይ በተከታታይ መውሰድ ከሜኒንጂዮማ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። በቁጥር ሲታይ የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው፣ መርፌ ላይ ያላችሁ ሁሉ አትደንግጡ፣ እጢው ያለባት ሴት ግን ለሀኪሟ ተናግራ ሌላ መከላከያ ትጠይቅ።

«ኤምአርአይ ጨረር አለው፣ አታብዛው።» የለውም፣ በማግኔት ነው የሚሰራው፣ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን ነው።

«አዲስ ከተነሳህ የድሮው ፊልም ምን ያደርጋል?» ይሄን ያለኝ የገዛ ወንድሜ ነው፣ ሊጥለው ሲል ነው የደረስኩበት። በዓመት 1 ሚሊሜትር የሚጨምር እጢ ካምናው ጋር ብቻ ሲታይ ለውጡ አይለይም። አሁን ሁሉንም ከነሲዲው በፌስታል ጠቅልዬ ቁምሳጥን ላይ ነው የማስቀምጠው። ባለፈው ጥር ፊልሙን የሚያነበው ሀኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ አምናና ዘንድሮን አይቶ ለውጥ የለውም አለኝ፣ የመጀመሪያውን ከፌስታሉ አውጥቼ ስሰጠው ግን ጎን ለጎን አድርጎ ለካው፣ በ3 ዓመት 2 ሚሊሜትር ጨምሯል። አሁንም ክትትል ነው፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ጥር ላይ ነው፣ ፌስታሉን ይዤ እሄዳለሁ።