ተጠያቂነት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ «ሦስት ኃላፊዎች ከቦታቸው ተነሥተዋል፤ ተጠያቂነት ተረጋግጧል» ሲል ሰማሁ። ጋዜጠኛው አመስግኖት ወደ ሌላ ርዕስ አለፈ። ሦስቱ ሰዎች ምን አደረጉ? በማን ትእዛዝ? ማን አይቶ ዝም አለ? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም አልተጠየቀም። እንዲህ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር።

ተጠያቂ ማለት የሚጠየቅ ሰው ነው። ቃሉ የወጣው ከ«ጠየቀ» ነው። ዛሬ ግን «ተጠያቂ ይሁን» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው «ይታሰር» ወይም «ይባረር» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተዘሎ ቅጣቱ ብቻ ቀረ። ነገሩ የቃል አጠቃቀም ስሕተት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አላመርርም ነበር። ሥልጣን የያዘ ሰው ከጥያቄ የሚያመልጠው በዚሁ በር ስለሆነ ነው።

ሥራዬ ኦዲት ስለሆነ በማውቀው ላስረዳ። አንድ ሠራተኛ ለመስክ ሥራ ቅድሚያ ገንዘብ ይወስዳል። ገንዘቡ በስሙ በተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ማለትም ገና እንደሚፈለግበት ዕዳ ሆኖ፣ ይመዘገባል። ሲመለስ ደረሰኞቹን ያቀርባል፣ የተረፈውን ይመልሳል፣ ሂሳቡን ያወራርዳል። የሚያወራርደው ሌባ ነው ተብሎ ስለተጠረጠረ ሳይሆን ገንዘቡ የራሱ ስላልሆነ ነው። ታማኙም ያወራርዳል፣ አጭበርባሪውም ያወራርዳል። ሥልጣንም በአደራ የተወሰደ ቅድሚያ ገንዘብ ነው፤ ጥፋት ቢገኝም ባይገኝም ይወራረዳል። የሚያሳዝነው፣ በፖለቲካ ቋንቋችን «ሂሳብ ማወራረድ» ራሱ ቂም መወጣት ማለት ሆኗል። ሁለቱም ቃላት በአንድ በሽታ ተለክፈዋል።

ሆላንዳዊው ምሁር ማርክ ቦቨንስ በ2007 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተጠያቂነትን በሁለት ወገኖች መካከል ያለ ግንኙነት አድርጎ ተርጉሞታል። አንደኛው ወገን ያደረገውን የመግለጽና ምክንያቱን የማስረዳት ግዴታ አለበት። ሌላኛው ይጠይቃል፣ ይፈርዳል። ከዚያ በኋላ ለአድራጊው መዘዝ ሊከተል ይችላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መዘዙ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም «ሊከተል ይችላል» ተብሎ።

«ታዲያ ቅጣት አያስፈልግም ልትለን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። መልሱ አጥጋቢ ሳይሆን ሲቀር ምንም የማይከተል ከሆነ ማወራረዱ ወረቀት ማመላለስ ብቻ ይሆናል። የምለው፣ ቅጣት ከመልስ ቀድሞ ሲመጣ መልሱን ይዞት ይጠፋል ነው።

አንድ ጊዜ ለድንገተኛ የካዝና ቆጠራ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው በር ላይ ተቀብሎኝ «ገንዘብ ያዧን ከትናንት ወዲያ አሰናብተናታል፤ እኛ በተጠያቂነት ቀልድ አናውቅም» አለኝ። መሳቢያዋ ውስጥ ሦስት የገቢ ደረሰኝ ጥራዞች አገኘሁ። ከአንዱ ጥራዝ መሀል አሥራ አንድ ተከታታይ ቁጥሮች ከነቀሪያቸው ተገንጥለዋል። የካዝናው ቁልፍ ሁለት ነበር፤ ሁለተኛው በማን እጅ እንደነበረ የሚያሳይ የርክክብ ሰነድ የለም። ሴትየዋ ብትኖር አንድ በአንድ እጠይቃት ነበር። ስልኳን እንኳ የሚሰጠኝ ሰው አላገኘሁም። በእነዚያ ደረሰኞች የተሰበሰበውን ገንዘብ እሷ ወስዳው ይሆናል፤ ሌላም ሰው ወስዶት ይሆናል። መጻፍ የቻልኩት በዚያ ሂሳብ ላይ አስተያየት ለመስጠት አለመቻሌን ብቻ ነው። (ኦዲተር አስተያየት ለመስጠት አልቻልኩም ሲል «ተሰርቋል» ማለቱም «ንጹሕ ነው» ማለቱም አይደለም።)

ያ ኃላፊ በተንታኙ መለኪያ ተጠያቂነትን አረጋግጧል። በእኔ መለኪያ ግን ብቸኛዋን መልስ ሰጪ ከፊቴ አርቋታል።

ፖሊስን፣ ፖለቲካንና ጋዜጣን በአንድ ላይ ለማየት ከሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 እንግሊዝ ውስጥ በሼፊልድ ከተማ በሚገኘው በዚህ ስታዲየም ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ሲጫወቱ በተፈጠረ መጨናነቅ ደጋፊዎች ተረጋግጠውና ታፍነው ሞቱ፤ የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 97 ደረሰ። የፖሊስ አዛዡ የውጭው በር እንዲከፈት ራሱ አዝዞ ሳለ፣ ደጋፊዎቹ በሩን በኃይል ከፍተው ገቡ ብሎ ለእግር ኳስ ማኅበሩ ኃላፊዎች ተናገረ። በአራተኛው ቀን ዘ ሰን ጋዜጣ «እውነቱ» ብሎ በፊት ገጹ ደጋፊዎቹ የሞቱትን ኪስ እንደበረበሩና ፖሊሶች ላይ እንደሸኑ ጻፈ። ሐሰት ነበር።

በ2012 አንድ ገለልተኛ አጣሪ ቡድን ከ450,000 ገጽ በላይ ሰነድ መርምሮ ሪፖርቱን አወጣ። ፖሊሶች በዕለቱ ስላዩት ነገር ከሰጧቸው የጽሑፍ ቃሎች መካከል 164ቱ በጉልህ እንደተቀየሩ፣ ከእነዚህም በ116ቱ ፖሊስን የሚነካው ነገር እንዲወጣ ወይም እንዲለወጥ መደረጉን አሳየ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን በዚያው ቀን ፓርላማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ጋዜጣውም በፊት ገጹ ይቅርታ ጠየቀ። ቡድኑ ማንንም የማሰርም ሆነ የማባረር ሥልጣን አልነበረውም። ያደረገው ሃያ ሦስት ዓመት ተደብቀው የኖሩትን ደረሰኞች ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ነው።

ፖሊስ የወሰደው ቅድሚያ ገንዘብ ኃይል የመጠቀም ሥልጣን ነው። እያንዳንዱ የኃይል አጠቃቀም ማን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ፣ በምን ምክንያት የሚል ደረሰኝ ሊኖረው ይገባል። ደረሰኙን የሚመረምረውም ራሱ አውጪው መሆን የለበትም። በሂልስቦሮ ቃሎቹን የቀየረው ያው የሚጠየቀው መሥሪያ ቤት ነበር። ምሳሌዬ ግን እዚህ ላይ ይሰበራል፤ መደበቅ አልፈልግም። የጎደለ ገንዘብ ይተካል፣ የጠፋ ሕይወት አይተካም። ስለዚህ ፖሊስ ዘንድ ጥያቄው ጉዳት እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም፤ ትእዛዙ፣ ሥልጠናው፣ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

«ሚዲያውም ተጠያቂ ይሁን» የሚሉትን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ለማን? አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚሉት ባለሥልጣናት ሲሆኑ «ለኛ» ማለታቸው ነው። ጋዜጣ ቅድሚያ ገንዘቡን የወሰደው ከአንባቢው ነው፤ የወሰደውም እምነት ነው። የሚያወራርደውም ለአንባቢው ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ በሜይ 2003 አንድ ዘጋቢው ወሬ ሲፈጥርና ከሌሎች ሲገለብጥ እንደነበር ሲደርስበት፣ ዘጋቢው ለቋል ብሎ አልተወውም። ከ7,000 ቃላት በላይ የሚረዝም ዝርዝር ከፊት ገጹ ጀምሮ አወጣ፤ የትኛው ዘገባ ላይ ምን እንደተዋሸ፣ የትኛው አለቃ አስቀድሞ አስጠንቅቆ እንዳልተሰማ ጭምር። ዋና አዘጋጁ የለቀቁት ከዚያ በኋላ በጁን ነው። መልሱ ቀደመ፣ መዘዙ ተከተለ።

ፖለቲካ ላይ «ኃላፊነቱን ወስጄ ለቅቄያለሁ» የሚባል ነገር አለ። ክቡር ተግባር ሊሆን ይችላል። በ1982 አርጀንቲና በብሪታንያ ሥር ያሉትን የፎክላንድ ደሴቶች በወረራ ስትይዝ የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎርድ ካሪንግተን በሦስተኛው ቀን ለቀቁ፤ እስከ ዛሬ ይመሰገናሉ። መንግሥት ወረራው እንደሚመጣ ምን ያህል ያውቅ ነበር የሚለው ጥያቄ ግን በመልቀቃቸው አልተመለሰም። ለዚያ ራሱን የቻለ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሪፖርቱ በጃንዋሪ 1983 ወጣ። መልቀቅ ኃላፊነትን መውሰድ ነው፤ ማስረዳት ሌላ ሥራ ነው።

ምርጫስ? ምርጫ በጥቂት ዓመታት አንዴ ሺህ ውሳኔዎችን በአንድ ድምፅ በጅምላ ማወራረድ ነው። የኔ ዓይነት ሰው ሺህ ደረሰኝ በአንድ ፊርማ ሲጸድቅ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። በመካከሉ ፓርላማ ሚኒስትሩን ጠርቶ መጠየቁ፣ ዋና ኦዲተር ሪፖርት ማቅረቡ፣ ዜጋ ሰነድ አሳዩኝ ማለቱ የግድ ነው። ስዊድን ገና በ1766 ባወጣችው የፕሬስ ነጻነት ሕግ ዜጎች የመንግሥትን ሰነዶች እንዲያዩ የፈቀደችውም ለዚህ ነው፤ ሰነዱን ያላየ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ወደ ሂልስቦሮ ልመለስ። በ2016 የሞቱን ምክንያት የመረመረው ችሎት ከተራ ዜጎች የተውጣጡ ዳኝነት ሰጪዎች (ጁሪ) ሰዎቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸውን፣ ደጋፊዎቹም ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰኑ። አዛዡ በወንጀል ተከሶ በ2019 ነጻ ተባለ። በ2021 ቃሎቹን በመቀየር ጉዳይ የተከሰሱ ሁለት ጡረተኛ ፖሊሶችና አንድ የሕግ ባለሙያ ክሳቸው ተቋረጠ፤ ዳኛው እንዳሉት የተቀየሩት ቃሎች የተዘጋጁት ለመንግሥት አጣሪ እንጂ ለፍርድ ቤት ስላልነበረ የቀረበው የወንጀል ክስ አይመለከታቸውም። የሟቾቹ ቤተሰቦች ከዚህ የተማሩትን ሕግ ይሁንልን ብለው ሲታገሉ ቆዩ። ባለሥልጣንና ፖሊስ በአጣሪ ፊት እውነቱን ሳይደብቁ የማውጣት ግዴታ እንዲኖርባቸው የሚያደርገው ረቂቅ ሕግ ለብሪታንያ ፓርላማ የቀረበው በሴፕቴምበር 2025 ነው፤ አደጋው በደረሰ በ36 ዓመቱ።