የትንሽ ከተማ አዳራሽ እና የጸደይ ኮንሰርት

ትንሽ ከተማ ውስጥ ኮንሰርት ላዘጋጅ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ማን ይጫወታል?» የሚለው አይደለም። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» የሚለው ነው። አዳራሹ የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ተራ መጠበቅ የግድ ነው። ጠዋት ሕፃናት ይውሉበታል። ከሰዓት በኋላ አረጋውያን ሰውነታቸውን ያፍታቱበታል። ማታ ስብሰባ አለ። ቅዳሜ ሠርግ ሊኖር ይችላል፤ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ የድምፅ መስጫ ጣቢያ ይሆናል። ሙዚቃ የሚገባው በእነዚህ መሃል በምትገኝ ክፍተት ነው። ወለሉ ላይ የባድሚንተን መስመር ተሰምሯል። ወንበሮቹ ተደራርበው ግድግዳ ስር ቆመዋል። መድረክ ካለ እሰየው፤ ከሌለም አንዱ ጥግ መድረክ ይባላል።

እንዲህ ያለ ቤት በብዙ አገር አለ። የሚለያየው ስሙና አመጣጡ ነው። እንግሊዝ ውስጥ «የመንደር አዳራሽ» ይሉታል፤ ቁጥሩም ከ10,000 በላይ ነው። ፈረንሳዮች «ሳል ደ ፌት» ይሉታል፤ የድግስ አዳራሽ እንደማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስተዳድረው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ስዊድን ውስጥ ስሙ «ፎልኬትስ ሁስ» ነው፤ የሕዝብ ቤት ማለት ነው። የሠራተኛው ንቅናቄ ሲጀምር መሰብሰቢያ የሚያከራየው ሲያጣ የራሱን ሠራ። ማልሞ ከተማ ያለው እ.ኤ.አ. በ1893 ተከፈተ። ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ አዳራሾች የጦርነት መታሰቢያ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት ለሞቱት ሐውልት ከማቆም ይልቅ ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት እንዲሠራ አበረታታ፤ ነዋሪው ላዋጣው ለእያንዳንዱ ፓውንድ አንድ ፓውንድ ይጨምር ነበር። የሙታን መታሰቢያ ውስጥ ይደነሳል ማለት ነው። ለእኔ ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ ይሄ ያስደስታል።

የስዊድኖቹ ከአዳራሹ ጎን ለጎን «ፎልክፓርክ» የሚባል የሕዝብ መናፈሻም ነበራቸው። እዚያ ደግሞ ትንሽ ባንድ ብቻ አይደለም የሚጫወተው። አባ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1974 የዩሮቪዥንን የዘፈን ውድድር ካሸነፈ በኋላ እንኳ በ1975 ክረምታቸው ሳይገባ፣ በሞቃቱ ወራት፣ በእነዚሁ ፓርኮች እየዞረ ተጫውቷል።

አሁን ወደ ወቅቱ። ጸደይ ስል በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ነው። ደቡብ ላይ፣ ለምሳሌ ኒውዚላንድ፣ ጸደዩ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ለምን ጸደይ? መልሱን ሰው ብዙ ጊዜ ከአበባና ከወፍ ዝማሬ ጋር ያያይዘዋል። እውነተኛው ምክንያት ግን የማሞቂያ ሂሳብ ነው። አሮጌ አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱም ብርድ የሚያስገባ ነው። በብርዱ ወራት ለማታ ዝግጅት ከጠዋት ጀምሮ ካልሞቀ ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ያመሻል። መንገዱም በረዶ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ታዳሚ ይቀራል፤ አንዳንዴ ባንዱ ራሱ ይቀራል። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ሙዚቀኞች ወደ ትልልቅ ፌስቲቫሎች ይሄዳሉ፣ የከተማው ሰው ለእረፍት ይወጣል። በሁለቱ መሃል የቀረችው ጸደይ ናት። ሙዚቀኛው ገና አልተያዘም፣ ሰውም ቤት ተዘግቶበት ከርሞ መውጣት አምሮታል።

ይሄ ነገር በደንብ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ሼትላንድ ነው። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉ ደሴቶች ናቸው፤ ጠቅላላ ነዋሪያቸው 23,000 ቢሆን ነው። እዚያ ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ የሕዝብ ሙዚቃ ፌስቲቫል ይካሄዳል፤ የሚያዘጋጁትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ትልቅ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ሕዝቡን አንድ ቦታ አይሰበስቡም። የሚዞሩት ሙዚቀኞቹ ናቸው። ከውጭ የመጡትም የአገሬዎቹም ተደባልቀው በየደሴቱ ወዳሉ አዳራሾች ይከፋፈላሉ፤ ዛሬ እዚህ የተጫወተ ነገ ሌላ አዳራሽ ነው። ከስኮትላንዷ ከተማ ከአበርዲን በመርከብ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ የመጣ ባንድ ሁለት መቶ ሰው በማይሞላበት ቤት ይጫወታል፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሽማግሌ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ቫዮሊን የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። ሼትላንድ የቫዮሊን አገር ናት፤ እዚያ ታዳሚን በጩኸት ማታለል አይቻልም። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሰው ወደ ኮንሰርት የሚገባው በጠራራ ብርሃን ነው፤ ሲወጣ ነው የሚመሽበት።

በሌሎች ቦታዎች ኮንሰርቱ የሚመጣው አንድ በአንድ ነው። በብሪታንያ የገጠር ዝውውር የሚባል አሠራር አለ። በየአካባቢው ያለ አንድ ቢሮ ለወቅቱ ሊመጡ የሚችሉ ሙዚቀኞችንና ቲያትሮችን ዝርዝር ያዘጋጃል። ስሙም «ሜኑ» ነው፤ ልክ እንደ ምግብ ቤቱ። የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ቁጭ ብለው ይመርጣሉ። የሙዚቀኛውን ሙሉ ዋጋ አዳራሹ አይችለውም፤ ስለዚህ የተወሰነውን ቢሮው ይደጉማል፣ አዳራሹ ደግሞ ከቲኬቱ የተስማሙበትን ይከፍላል። ደስ የሚለኝ ነገር ምርጫው የመንደሩ መሆኑ ነው። ከላይ «ይሄ ለእናንተ ይበጃችኋል» ተብሎ የተላከ ባንድ ባዶ ወንበር ያገኛል። የመንደሩ ሰው ራሱ የመረጠውን ግን እንዲከሽፍ አይፈልግም፤ ጎረቤቱን ጎትቶም ቢሆን ያመጣል።

ክፍያው በሌላም መንገድ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቁርጥ ዋጋ ነው፤ ሰው መጣም አልመጣ ሙዚቀኛው የተባለውን ይወስዳል። ሌላው ከበሩ ገቢ መቶኛ ነው። በብዛት የሚሠራው የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ዝቅተኛው ተቆርጦ ይቀመጣል፣ ገቢው ካለፈ ይካፈላሉ። መቶ ወንበር ያለው ቤት ቢሞላም ያው መቶ ወንበር ነው። ጉድለቱን የሚሸፍነው በእረፍት ሰዓት የሚሸጠው ሻይና በዕጣ የሚወጣው ሽልማት ነው። ሙዚቀኛውም ቢሆን ሲዲውን በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል፤ ሆቴል ሳይሆን አዘጋጁ ቤት ያድራል።

ስለ ድምፁ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የማያየው ሥራ እዚህ ላይ ነው ያለው። ርዝመቱ 15፣ ስፋቱ 10፣ ከፍታው 5 ሜትር የሆነ አዳራሽ እንውሰድ። የያዘው አየር 750 ሜትር ኩብ ነው። ወለሉ እንጨት፣ ግድግዳው ልስን ነው። ባዶውን ስታጨበጭቡበት ድምፁ ቶሎ አይጠፋም፤ የገደል ማሚቶ ይመስላል። ባለሙያዎች ድምፁ እስኪሞት የሚፈጀውን ጊዜ በቀላል ቀመር ያሰሉታል፦ የአየሩን መጠን በ0.161 ታበዛላችሁ፣ ከዚያ አዳራሹ ድምፅ በሚውጥበት አቅም ታካፍላላችሁ። ይህ አቅም የሚለካው ድምፅን ሙሉ በሙሉ በሚውጥ ስፋት ነው፤ ባዶውን 60 ሜትር ካሬ ነው ብንል ድምፁ 2 ሰከንድ ይቆያል። መቶ ሰው ሲገባ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ካሬ እንኳ የማይሞላ ነገር ይውጣል፤ ጠቅላላው 105 ቢደርስ ድምፁ ወደ 1.15 ሰከንድ ይወርዳል። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከሰዓት በኋላ በባዶ አዳራሽ ሳውንድ ቼክ፣ ማለትም የድምፅ ሙከራ፣ ሠርቶ «በቃ ተስተካክሏል» የሚል ባለሙያ ማታ እንደገና መጀመሩ አይቀርም። የሚያስተካክለው የሌላ ቤት ድምፅ ነበርና።

ይህን ቀመር ያገኘው ዋላስ ሳቢን የተባለ የሃርቫርድ ወጣት መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ንግግር የማይሰማበትን አንድ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ እንዲያስተካክል ተነገረው። የቲያትር ቤት ትራሶችን በሌሊት እያስገባ፣ የኦርጋን ቧንቧ እየነፋ፣ በሰዓት መቁጠሪያ እየለካ ዓመታት ፈጀ። ትራሶቹ ጠዋት ለባለቤታቸው ይመለሱ ነበር። የራሱ ልብስ እንኳ ልኬቱን እንደሚያዛባው ሲገባው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ይለካ ጀመር። ይሄ ቀልድ አይደለም። ካፖርት ድምፅ ይውጣል፤ በብርዱ ወር ያማረው አዳራሽ በጸደይ፣ ሰው ቀለል ብሎ ሲመጣ፣ ትንሽ ይጮሃል።

ሙቀቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቁጭ ያለ ሰው ወደ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። መቶ ሰው ማለት 10 ኪሎዋት ነው፤ አዳራሹ መሃል ምድጃ እንደማንደድ ቁጠሩት። በ14 ዲግሪ የተጀመረው ምሽት ከእረፍት በኋላ 20 ሊደርስ ይችላል። አየር ሲሞቅ ድምፅ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ፍሉቱና ክላርኔቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ በአንድ ዲግሪ የግማሽ ቃና ሦስት መቶኛ ያህል። ስድስት ዲግሪ ሲሞቅ 18 መቶኛ ይሆናል፤ ጆሮ ያለው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። የጊታርና የቫዮሊን ክር ደግሞ ሲሞቅ ይላላል፣ ወደ ታች ይወርዳል። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል ማለት ነው። ሙዚቀኞች በየዘፈኑ መሃል ጎንበስ ብለው የሚቃኙት ለጌጥ አይደለም። ጥግ ላይ የቆመው የአዳራሹ ፒያኖ ደግሞ የባሰበት ነው፤ ማሞቂያው ጠፍቶ እርጥበቱ ሲለወጥ እንጨቱ ያብጣል ወይ ይሸማቀቃል። ሳምንት ቀደም ብሎ የተቃኘ ፒያኖ በዕለቱ ሌላ ነው። ቃኚው በዕለቱ፣ አዳራሹ ከሞቀ በኋላ ይምጣ።

ከዚያ ኤሌክትሪኩ አለ። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ ስፒከርና ሚክሰር ያሰበ የለም። አንድ መስመር ላይ የመድረኩ ሶኬትም የኩሽናው ሶኬትም ይኖራሉ። ሁለተኛው ክፍል ሊጀመር ሲል ኩሽና ውስጥ ያለች ሴትዮ ዕቃ ለማጠብ ትልቁን የሻይ ማፍያ ትለኩሳለች። ብቻውን 3 ኪሎዋት ይበላል። ብሬከሩ ይወርዳል። ስፒከሩ ዝም፣ መብራቱም አንዳንዴ አብሮ። ጥሩ ሙዚቀኛ ይህን ጊዜ ማይኩን ትቶ ወደ ወንበሮቹ ጠጋ ይልና በባዶ ድምፁ ይቀጥላል። ታዳሚው ወደፊት ይጠጋል፤ መቼም ሰው የማይቀመጥበት የፊት ረድፍ ያኔ ይሞላል። ብሬከሩ ሲመለስ ማይኩን መልሱልን የሚል አይኖርም። ልምድ ያላቸው አዘጋጆች ግን ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሶኬት እየዞሩ ያያሉ፣ ማፍያው ላይም ወረቀት ይለጥፋሉ።

ሕጉ እንደየአገሩ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የቀጥታ ሙዚቃ ሕግ ነገሩን በእጅጉ አቅልሎታል። ያለ ድምፅ ማጉያ የሚቀርብ ሙዚቃ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ፈቃድ አይጠየቅበትም። በ2015 ደግሞ የማኅበረሰብ አዳራሾች እስከ 500 ታዳሚ ድረስ በማጉያም ቢሆን እንዲያዘጋጁ በር ተከፈተላቸው። ወረቀቱ ቀለለ ማለት ግን ጎረቤት ቀረ ማለት አይደለም። በጸደይ አዳራሹ ሲሞቅ መስኮት ይከፈታል፤ መስኮት ሲከፈት ከበሮው መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። የጎረቤቱን ስልክ ቁጥር አስቀድሞ መያዝ፣ ቲኬትም በነፃ መስጠት፣ ከማንኛውም ፈቃድ በላይ ይሠራል።

ትንሽ አዳራሽ ትልቅ ሥራ አይችልም ለሚል ሰው አልድበራ የሚባለውን የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ እጠቅሳለሁ። አቀናባሪው ቤንጃሚን ብሪትን ከዘፋኙ ፒተር ፒርስ ጋር ሆኖ ፌስቲቫሉን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ጸደዩ ገና እንዳለቀ፣ በሰኔ። ቦታው ጁቢሊ አዳራሽ የተባለው የከተማው ቤት ነበር፤ የሚይዘው 300 ሰው ገደማ። ብሪትን ቤቱ ጠበበኝ ብሎ አልተወውም፤ ኦፔራ ሲጽፍለትም በጠባቡ ልክ አነስ ላለ ኦርኬስትራ ጻፈ። አንዳንድ አዳዲስ ሥራዎቹም እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ታይተዋል። ትልቁ አዳራሽ በአቅራቢያው በስኔፕ፣ ከቀድሞ የብቅል ፋብሪካ ተለውጦ የተከፈተው በ1967 ነው። በመሃሉ ለሃያ ዓመት ያህል ዓለም ለዚያች ጠባብ ቤት ስትል ወደ ባሕር ዳሩ ትመጣ ነበር።

ኮንሰርቱ ሲያልቅ ጭብጨባው እንደቆመ አንድ ሰው «እባካችሁ ወንበር!» ይላል። ሰው ካፖርቱን ሳይለብስ የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ ወደ ግድግዳው ይወስዳል፤ ከበሮ መቺውም በአንድ እጁ ሲምባሉን፣ በሌላው ሁለት ወንበር ይዞ ይታያል። ስድስት ስድስት ብቻ ነው የሚደራረበው፤ ሰባተኛው ከተጨመረ ይወድቃል፣ ይህንን የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው። ከዚያ መጥረጊያ፣ ከዚያ መብራት። ባለቁልፉ ሁሉንም መስኮት ይነካል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሕፃናቱ ይመጣሉና።