«መኖር መታየት ነው»፦ የአባባሉ ምንጭና ፍቺ

በላቲን «ኤሴ ኤስት ፔርኪፒ» ይባላል። ምንጩ ጆርጅ በርክሊ ነው፤ አየርላንዳዊ ፈላስፋ፣ ኋላም የክሎይን ጳጳስ። በ1710 እ.ኤ.አ. ደብሊን ላይ ባሳተመው፣ የሰው ዕውቀትን መሠረት በሚመረምረው መጽሐፉ 3ኛ አንቀጽ ላይ ይገኛል። «መታየት» የዓይን ብቻ አይደለም፤ መዳሰስም መሰማትም መቀመስም ያው ነው። የሚነገረውም ማሰብ ለማይችሉ ነገሮች ብቻ ነው፤ የነፍስ መኖር ማየቷ እንጂ መታየቷ አይደለም። ይህን ዘሎ ሐሳባዊነትን፣ ማለትም ነገሮች ከአእምሮ ውጭ አይኖሩም የሚለውን አመለካከት፣ የሚነቅፍ ሰው የሚነቅፈው ሌላ ነገር ነው።

በ23ኛው አንቀጽ ያለው ሙግት እንዲህ ይሄዳል፦ ማንም የማያስበው ዛፍ እስቲ አስብ። አሰብከው? እንግዲያው ታስቧል፤ ያልታሰበ ዛፍ የለም።

ስህተቱን ለማየት የፍቺ ጥናት ይበጃል፤ አማርኛችንም ያግዛል። ገበያ የወጣ ገበሬ «በሬ እፈልጋለሁ» ካለ የትኛውም በሬ ይሆነዋል፤ ገበያው ውስጥ አንድም በሬ ባይኖር እንኳ ፍላጎቱ እውነት ነው። «በሬውን እፈልገዋለሁ» ካለ ግን አንድ የታወቀ በሬ አለ። ልዩነቱን ያመጡት «ው»፣ «ን» እና ግሱ ላይ ያለው የተሳቢ ምልክት ናቸው። አሁን «ያልታሰበ ዛፍ አሰብኩ» እና «ያልታሰበውን ዛፍ አሰብኩት» የሚሉትን አነጻጽሩ። ሁለተኛው ራሱን ይቃረናል፤ የመጀመሪያው አይቃረንም። በርክሊ ከመጀመሪያው ተነስቶ ሁለተኛው ላይ ይደርሳል። የሎጂክ ሊቁ አርተር ፕራየር በ1955 እ.ኤ.አ. ሙግቱን በሎጂክ ቅርጽ አስቀምጦ መርምሮታል።

አባባሉን በሞዴል፣ ማለትም ለሙከራ በምናስበው ትንሽ ዓለም፣ እንፈትነው። ሁለት ዛፎች፣ ሀ እና ለ፤ አንድ ተመልካች፣ መ። «ያያል» የሚለው ግስ አንድ የተመልካችና የሚታይ ጥንድ ብቻ ይኑረው፦ መ ሀን ያያል። «ያልታየ ዛፍ አለ» በ«ለ» ምክንያት እውነት ሆነ፤ ቅራኔም አልመጣም። ስለዚህ አባባሉ በሎጂክ ብቻ የግድ እውነት አይደለም። «ለን እኮ አንተ እያየኸው ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ነገር ግን ሞዴሉን የጻፈው ሰው በጥንዶቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። ያው የቀድሞው ስህተት ነው።

ይህ ግን በርክሊን አያፈርሰውም፤ ያፈረሰው ያንን አንድ ሙግት ነው። ብርቱው ክፍል እዚያው 3ኛው አንቀጽ ላይ ነው፦ ከክፍሌ ወጥቼ «ጠረጴዛው አለ» ስል፣ ወይ «ክፍሌ ውስጥ ብሆን አየው ነበር» ማለቴ ነው፣ ወይ «ሌላ መንፈስ አሁን እያየው ነው» ማለቴ ነው ይላል። ሁለቱ እውነት የሚሆኑበት ሁኔታ ይለያያል። የመጀመሪያው ፍቺ ባዶ ክፍል ውስጥም ይሠራል፤ አባባሉ ግን ወደ «መኖር ሊታይ መቻል ነው» ይላላል። ሁለተኛው ዘወትር የሚያይ ይፈልጋል፤ ለበርክሊ እሱ እግዚአብሔር ነው።