«ኢትዮጵያ» (ኤ-01)፦ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ

«ኢትዮጵያ» የንጉሠ ነገሥት መንግሥቱ፣ በኋላም የደርግ ዘመን ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ነበረች። መለያ ቁጥሯ ኤ-01 ነው። ምጽዋ ከመግባቷ በፊት «ኦርካ» በሚል ስም በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገልግላለች። በአንዳንድ ጽሑፎች «ፍሪጌት» እየተባለች ትጠቀሳለች፤ ነገር ግን የተሠራችው ለውጊያ ሳይሆን ለአቅርቦት ነው። ነዳጅ፣ ቦምብ፣ መለዋወጫና ስንቅ ጭና የባሕር አውሮፕላኖችን የምታገለግል ደጋፊ መርከብ ነበረች። ይህን ማለት ክብሯን አይቀንስም፤ እንዲያውም በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ለሠላሳ ዓመት ያህል የቆየችበት ምክንያት በአብዛኛው ከዚህ አሠራሯ የመጣ ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግንባታዋ

ኦርካ የተሠራችው በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ሃውተን በተባለ ቦታ፣ በሌክ ዋሽንግተን የመርከብ መሥሪያ ነው። መሥሪያው የሚገኘው በሐይቅ ዳር በመሆኑ መርከቧ መጀመሪያ የነካችው ጨው አልባ ውኃ ነው፤ ወደ ባሕር የወጣችው በቦይ በኩል ነበር። ውኃ ላይ የወረደችው ኦክቶበር 4 ቀን 1942 ሲሆን አገልግሎት የጀመረችው ጃንዋሪ 23 ቀን 1944 ነው። ስሟ የተወሰደው በአላስካ ከሚገኝ የባሕር ወሽመጥ ነው።

ባርኔጋት ከሚባለው የመርከብ ዓይነት ናት። ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ስፋቷ 12.5 ሜትር ገደማ ሲሆን በዲዝል ሞተር በሰዓት ከ18 ኖቲካል ማይል በላይ ትጓዝ ነበር። ወደ ውኃ ውስጥ የምትሰጥመው አራት ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ትላልቅ መርከቦች በማይደፍሩት ጥልቀት የለሽ ወደብ መግባት ትችላለች።

በፓስፊክ ጦርነት

የዚህ ዘመን ታሪኳ ከሌላው ሁሉ በተሻለ ተመዝግቦ ይገኛል። ካታሊና የሚባለው የባሕር አውሮፕላን ውኃ ላይ ስለሚያርፍ የአየር ማረፊያ ሜዳ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው እንደ ኦርካ ያለች መርከብ ነው። መርከቧ በአንድ ወሽመጥ መልሕቋን ትጥላለች፤ አውሮፕላኖቹ በዙሪያዋ ታስረው ይንሳፈፋሉ። ጀልባዎች በመርከቧና በአውሮፕላኖቹ መካከል ይመላለሳሉ፤ ሌሊቱን ሲበር ያደረ አብራሪ መርከቧ ላይ ወጥቶ ትኩስ ምግብ ይበላል፣ ይተኛል። ጥገና ሲያስፈልግ አውሮፕላኑ በመርከቧ የኋላ ክፍል ባለው ክሬን ይነሣል። ለአውሮፕላን ብቻ የሚሆን 300,000 ሊትር ገደማ ነዳጅ ትይዝ ስለነበር፣ አንድ የጠላት ፍንጣሪ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሠራተኞቿ ያውቁት ነበር።

ኦርካ ከኒው ጊኒ አካባቢ ተነሥታ በኖቬምበር 1944 በፊሊፒንስ ወደሚገኘው ሌይቴ ደረሰች። በዚያ ታገለግላቸው የነበሩት ዓይነት ካታሊናዎች ጥቁር ቀለም ተቀብተው በሌሊት የጃፓንን መርከቦች እያደኑ ያጠቁ ስለነበር «ጥቁር ድመቶች» ይባላሉ። ቀን ቀን ደግሞ የሰው ሕይወት ያተርፋሉ። ዲሴምበር 3 ቀን 1944 «ኩፐር» የተባለችው የአሜሪካ አውዳሚ መርከብ በኦርሞክ ወሽመጥ በቶርፒዶ ተመትታ ስትሰጥም፣ አንድ ካታሊና ከባሕሩ 56 ሰዎችን ለቅሞ፣ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ፣ ከብዙ ትግል በኋላ መነሣት ችሏል። በጃንዋሪ 1945 በፊሊፒንስ በተካሄደው የሊንጋየን ዘመቻ ወቅት አንድ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን በኦርካ ላይ ተወርውሮ አጠገቧ ወደቀ፤ ጥቂት መርከበኞች ከመቁሰላቸው በቀር መርከቧ ተረፈች።

በ1947 ከአገልግሎት ወጣች፤ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ በዲሴምበር 1951፣ ዳግመኛ ተጠርታ እስከ 1960 ሠራች።

በኢትዮጵያ ባንዲራ

ኢትዮጵያ ከኤርትራ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ የባሕር በር በማግኘቷ በ1950ዎቹ አጋማሽ ባሕር ኃይሏን አቋቋመች። በማደራጀቱ ሥራ የኖርዌይ መኮንኖች ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ኦርካ በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተላልፋ የአገሪቱን ስም ተቀበለች። ርክክቡ መጀመሪያ በውሰት ስለነበር በስጦታ እንደመጣች የሚነገረው ትክክል አይመስልም፤ ሙሉ በሙሉ የተገዛችው በ1976 ነው።

የጥበቃ ጀልባዎች ብቻ ለነበሩት ወጣት ባሕር ኃይል ይህች መርከብ ትልቅ ነገር ነበረች። ለአውሮፕላን ሠራተኞች የተሠራው ሰፊ ማደሪያዋ ለዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ እጅግ ተስማሚ ሆነ። ከደጋ አገር መጥተው ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ወጣቶች አቅጣጫ መቀመርን፣ ሞተር መጠበቅንና በተራ መቆምን የተለማመዱት በእርሷ ላይ ነው። 127 ሚሊ ሜትር መድፏም የባሕር ኃይሉ ትልቁ መሣሪያ ነበር። በየዓመቱ በምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ ነበር፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦችም በእንግድነት ይመጡ ነበር። በእነዚያ ትላልቅ እንግዶች መካከል የአስተናጋጇን አገር ስም ይዛ የምትታየው እርሷ ነበረች።

ከአብዮቱ በኋላ

የባሕር ኃይሉ መሪ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። አሜሪካውያን ሄደው ሶቪየቶች ሲተኩ አዳዲስ ሚሳይል ተሸካሚ ጀልባዎች መጡ፤ በመጠን ግን ከ«ኢትዮጵያ» የሚበልጥ አልመጣም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ ባሕር ኃይሉ ዋና ጣቢያውን አጣ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ከሌሎች መርከቦች ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። የዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር። ወደ ባሕር ዳግመኛ መውጣት የማትችል ሆና በየመን ወደብ ቆማ ቆየች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከስደት የተረፉት ሌሎቹ መርከቦች ወደ ጅቡቲ ተሻግረው፣ የወደብ ዕዳቸው ሳይከፈል በመቅረቱ በ1996 ለሐራጅ ቀረቡ፤ የተወሰኑትን ኤርትራ ገዛች።