የራሱን ቺፕ የማይሸጠው ግዙፍ ቺፕ አምራች፦ የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ

አዲስ አይፎን ከያዝክ ዋናውን ቺፕ፣ ማለትም የስልኩን አንጎል፣ ያመረተው አፕል አይደለም። አፕል ንድፉን ያወጣል፤ የሚሠራው ታይዋን ያለው ቲኤስኤምሲ ነው። የአሜሪካዎቹ ቺፕ ነዳፊዎች የኤንቪዲያና የኤኤምዲ ምርጥ ቺፖችም የሚወጡት ከዚያው ነው።

መሥራቹ ሞሪስ ቻንግ በ1931 እ.ኤ.አ. ቻይና ተወልዶ አሜሪካ የተማረ ሰው ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በተባለ የአሜሪካ ቺፕ ኩባንያ ውስጥ 25 ዓመት ሠርቶ ትልቅ ኃላፊ ቢሆንም የዋና ሥራ አስፈጻሚነቱ ወንበር ሳይደርሰው ቀረ። በ1985 የታይዋን መንግሥት የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋሙን እንዲመራለት ጠራው።

ታይዋን ያኔ በንድፍም በሽያጭም ከአሜሪካና ከጃፓን ጋር የምትፎካከር አልነበረችም። ማምረት ላይ ግን ጎበዝ ነበረች። ቻንግም ይህንኑ ይዞ ተነሳ፦ የራሳችንን ቺፕ አንሸጥም፣ ደንበኛ ንድፉን ያምጣ፣ እኛ እንሥራለት። በዘመኑ ቺፕ የሚነድፍ ሁሉ የራሱ ፋብሪካ ያስፈልገዋል ተብሎ ይታመን ስለነበር ሐሳቡ ብዙ ሰው አላሳመነም፤ የአሜሪካው ቺፕ አምራች ኢንቴልም የቻንግ የቀድሞ መሥሪያ ቤትም ገንዘብ አናወጣም አሉ። በ1987 ቲኤስኤምሲ በታይዋኗ ሲንቹ ከተማ ሲመሠረት ግማሽ ያህሉን ካፒታል መንግሥት፣ 27.5 በመቶውን የሆላንዱ ፊሊፕስ፣ የቀረውን መንግሥት የጎተጎታቸው የአገሩ ባለሀብቶች አወጡ።

ለእኔ ትልቁ ነገር እምነት ነው። ማንም ንድፉን ለተፎካካሪው አሳልፎ አይሰጥም፣ ቲኤስኤምሲ ደግሞ ከደንበኞቹ ጋር ገበያ አይሻማም። በዚህ የተነሳ ፋብሪካ የመገንባት አቅም የሌላቸው መሐንዲሶች ድርጅት መክፈት ቻሉ። ኤንቪዲያ ገና ትንሽ ሳለ መሪው ጄንሰን ሁዋንግ ለቻንግ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቻንግ ራሱ ስልክ ደወለለት።

በ2009፣ የዓለም ኢኮኖሚ በተናጋበት ሰዓት፣ ቻንግ ወደ ሥራ አስፈጻሚነት ተመለሰ። የተቀነሱትን ሠራተኞች መልሶ ጠራ፣ ሌላው እጁን ሲሰበስብ እሱ ለፋብሪካ የሚወጣውን ገንዘብ ጨመረ። በ2014 የአይፎን 6 ቺፕ የቲኤስኤምሲ ሆነ።

ሥራው ረቂቅ ነው። ቺፖቹ የሚሠሩባቸው 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው የሲሊከን ሳህኖች በታሸገ ሣጥን ሆነው ጣራ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ከማሽን ማሽን ይዞራሉ፤ የሰው እጅ አይነካቸውም። ከሆላንዱ ኤኤስኤምኤል የሚገዛው ማሽን ደግሞ የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎችን በሴኮንድ 50,000 ጊዜ በሌዘር እየመታ ቺፑ ላይ መስመር የሚያወጣውን ብርሃን ይፈጥራል። ሳህኖቹ ደጋግመው ስለሚታጠቡ ውኃም ይፈጃል። በ2021 ታይዋንን ድርቅ ሲመታ ውኃ በቦቴ እስከማስመጣት ተደረሰ፤ መንግሥትም ለሩዝ ገበሬዎች ካሳ ከፍሎ መስኖ ዘጋ።

ዛሬ ኩባንያው የአሜሪካዋ አሪዞናና የጃፓኗ ኩማሞቶም ፋብሪካ አለው። አዲስ ቴክኖሎጂ ግን አሁንም መጀመሪያ የሚጀመረው ታይዋን ነው።