ለኡበር ሹፌር የሚቆጠረው የትኛው ሰዓት ነው?
ካሊፎርኒያ ውስጥ በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩትን ኡበር ወይም ሊፍት (Lyft) የሚነዳ ሰው የዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 120 በመቶ ዋስትና አለው። ሲሰሙት ደስ ይላል። ጉዱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። በ2020 በሕዝብ ድምፅ ያለፈው ፕሮፖዚሽን 22 የተባለው ሕግ የሚቆጥረው፣ ጥሪ ከተቀበሉበት ደቂቃ ተሳፋሪው እስኪወርድ ያለውን ብቻ ነው። ኤርፖርት ተራ ይዘው ቢቀመጡ አይቆጠርም። ባዶ መኪና ይዘው ቢመለሱም ያው ነው።

እንግዲህ 10 ሰዓት ውለው 6ቱን ብቻ ጥሪ ላይ ከነበሩ፣ ዋስትናው ለ6ቱ ነው። ለ10 ሲካፈል 72 በመቶ ይሆናል፤ ከዝቅተኛው በታች ማለት ነው። ለመኪና ወጪ በማይል የሚከፈለው ማካካሻም ለተቆጠረው መንገድ ብቻ ነው የሚታሰበው፤ ለባዶው ጉዞ ቤንዚኑ ከኪስ ነው። ቲፕ ግን ለብቻው ነው፣ ዋስትናው ውስጥ አይገባም።

ብዝበዛ ነው ወይ? ጥሪ እየጠበቁ የሚያልፈውን ሰዓት በተመለከተ፣ ለእኔ አዎ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2024 ሕጉ እንዲጸና ወስኗል።